ደንቆሮው ቲማቲም እና የዶክቶራ ሰልዋ እጅ

እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ነገሩ ይኸው ነው። ሰው ጡረታ ሲወጣ ይሸኛል፣ ኬክ ይቆረስለታል ይባላል፤ እኔን ያሰናበተኝ ግን የገዛ እጄ ነው። አንድ ጠዋት ምላጩን ይዤ የቲማቲም ግንድ ላይ ላሳርፍ ስል ጣቴ እንደ ወባ በሽተኛ ተንዘፈዘፈ። ሌላ ሥራ ቢሆን አንድ ሁለት ዓመት ይደበቃል። የእኔ ሥራ አይደበቅም፤ ግንዱ ከእርሳስ የቀጠነ ነው፣ ምላጩ ትንሽ ከሳተ አለቀ። ምላጩን በስፒሪት ጠርጌ አስቀመጥኩና ለባለቤቴ ለዘሃራ "በቃኝ" አልኳት።

"አልሃምዱሊላህ! አሁን እንኳ ጣሪያዬን ትመልስልኛለህ" አለች። የከሚሴ ልጅ ናት፣ ምላሷ አይዝግም። ጣሪያዋ በቲማቲም እንዴት እንደተያዘ እደርስበታለሁ።

ሥራዬ ተጥዒም ነው። ዐረቦቹ የአንዱን ተክል ጫፍ ቆርጦ በሌላው ግንድ ላይ መቀጠልን ተጥዒም ይሉታል። ጣጣው፣ ክትባትንም ተጥዒም ነው የሚሉት። ለእነሱ ምንም አይደለም፣ ከአነጋገሩ ይለዩታል። እኔን ግን የዕድሜ ልክ ሥራ ላይ የጣለኝ ይኸው ቃል ነው።

ዓደን የገባሁት ሁለቱ የመኖች ከተዋሃዱ ጥቂት ዓመት እንዳለፈ ነበር። ሐሳቤ እንደ ሁሉም ሰው ሳዑዲ ነው፤ ዓደን የመንገድ ስንቅ ሠርቼ የማልፍባት እንጂ የምኖርባት ከተማ አልነበረችም። ጠዋት ጠዋት ዳር ሰዓድ አደባባይ ላይ ከሀገሬ ልጆች ጋር ቆሜ የቀን ሥራ እጠብቃለሁ። አንድ ቀን አሮጌ ፒካፕ መጣና ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ "ተጥዒም! ተጥዒም ማን ያውቃል?" እያለ ጮኸ። ዐረብኛዬ ገና ጥሬ ነበር። ከተናገረው ሁሉ የያዝኩት ያቺን አንዷን ቃል ብቻ ነው፤ እሷን ደግሞ የማውቃት ከባሕሩ ዳር ነው። ከጀልባ የወረድን ቀን ተጥዒም ብለው ክንዳችንን ከወጉን በኋላ ብስኩትና ወተት ሰጥተውን ነበር። መርፌ የሚፈሩት ወደኋላ አፈገፈጉ። እኔ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም፤ እጅጌዬን ሰብስቤ ፒካፑ ላይ ወጣሁ።

ሹፌሩ ዓሚ ሳሌም፣ አጎት ሳሌም እንደማለት፣ ይባላል። የእንግሊዝ ዘመን ልጅ ስለሆነ "ዌል" ሳይል አፉን አይከፍትም። ከዳር ሰዓድ ወደ ላሕጅ በሚወስደው መንገድ ዳር የግብርና ፋኩልቲው ችግኝ ጣቢያ ነበር፣ መሽተል ይሉታል፤ እዚያ ወስዶ ነጭ ጋዋን የለበሱ ሴትዮ ፊት አቆመኝ። ሴትዮዋ በአንድ እጃቸው ስፒሪት የነካ ጥጥ፣ በሌላው ግማሽ ምላጭ ይዘዋል። ይህቺኛዋስ ክትባት የጤና አይደለችም አልኩ በልቤ። ግን ብስኩቱ አለ። "ቢስሚላህ" ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩና ክንዴን ዘረጋሁላቸው።

የሚወጋኝ ጠፋ። ዓይኔን ስገልጥ ሴትዮዋ አንዴ ክንዴን አንዴ ሳሌምን ያያሉ። የተባባሉትን ሳሌም ኋላ ነግሮኝ ነው።

"ያ ሳሌም፣ ቲማቲም የሚቀጥል ሰው አምጣ ብልህ የሚከተብ ሰው አመጣህልኝ?"

"ዌል፣ ዶክቶራ፣ እኔ ጠየቅኩ፣ እሱ ወጣ። እኔ ምን ላድርግ?"

የውሃው ገንዳ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብለው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። እኔም ነገሩ ሳይገባኝ አብሬ ሳቅኩ። ሲወጣላቸው አንድ ችግኝ አንስተው፣ ምላጩን ሰያፍ ይዘው፣ ግንዱን በአንድ ሳብ ቆርጠው አሳዩኝና "ሞክር" የሚል ምልክት ሰጡኝ። እንግዲህ እኔ ባቲ ገበያ ላይ ራስ ስላጭ ነው ያደግኩት። ምላጭ ለእኔ እንግዳ አይደለም። ተቀብዬ ልክ እንደሳቸው ቆረጥኩ። የተቆረጠውን ፊት ለብርሃን ይዘው ገላበጡት።

"ይኼ የማን እጅ ነው?" አሉ። ሳሌም በምልክት ሲያስረዳኝ ራሴን የምላጭ መስዬ አሳየኋቸው። አሁንም ሳቁ። "ነገም ና" አሉኝ። ብስኩቱንም አስመጡልኝ። ሳዑዲ በዚያው ቀረ።

ደመወዙ አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይቀራል። ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ወረቀቴን ማለቴ ነው፣ ዶክቶራ ራሳቸው ቢሮ ለቢሮ እየዞሩ ያሳድሱልኝ ነበር። ስለ ወረቀት ይኸው ይበቃል።

ዶክቶራ ሰልዋ የክሬተር፣ የዓደን አሮጌው ሠፈር፣ ተወላጅ ናቸው። ውጭ ሀገር ተምረው፣ ቅሩ ቢሏቸው እምቢ ብለው የተመለሱ ሰው። ስሜን እንድሪስ ማለት ስለማይሆንላቸው ኢድሪስ ነበር የሚሉኝ። ቁጡ ናቸው፤ ቁጣቸው ግን እንደ ዓደን ዝናብ ነው፣ መጣ ሲሉት የለም። የማይለቋቸው ሁለት ልማዶች ነበሯቸው። አንደኛው፣ ጠዋት መረቡ ቤት፣ በመረብ የተከለለው የችግኝ ቤታችን፣ ሲገቡ ዓይናቸውን ጨፍነው እየዞሩ ቅጠሎቹን ከሥራቸው ይዳስሳሉ። "አወል ኣል-የድ፣ በዕደን ኣል-ዐይን" ይላሉ፤ መጀመሪያ እጅ፣ ከዚያ ዓይን። ውሃ የጠማው ቅጠል ዓይን ሳያየው እጅ ያውቀዋል፤ ዓይን ደግሞ ማየት የሚፈልገውን ስለሚያይ ቀድሞ አይገባም ባይ ናቸው። ሁለተኛው ልማዳቸው ጥያቄ ነው። "ዶክቶራ፣ ያኛው ያዘ" ስላቸው ቀና ብለው "ያየኸውን ነው የምትነግረኝ ወይስ የወደድከውን?" ይሉኛል። መጀመሪያ መጀመሪያ ያናድደኝ ነበር። ኋላ ቤቴ ድረስ ተከተለኝ፤ ዘሃራ ወጡ ጣፈጠ ወይ ስትለኝ እንኳ ራሴን እጠይቃለሁ። ይህን ነግሬያት ሳምንት አኩርፋኛለች።

ስለ ሥራው ትንሽ ልበል። ሁለቱ ግንዶች እኩል ውፍረት ሊኖራቸው ይገባል። ቆረጣው ፀሐይ ሳትበረታ፣ በአንድ ሳብ ነው፤ እንደ መጋዝ ከተመላለስክበት ቁስሉ ይሻክራል፣ የሻከረ ቁስል አይገጥምም። ከዚያ ቆዳ ከቆዳ ታገናኛለህ። ትልቁ ምስጢር እዚህ ላይ ነው፤ መሐሉ ቢገጥም ቆዳው ካልገጠመ ይደርቃል። መያዣው በኋላ ከውጭ መጣልን እንጂ ያኔ ከብስክሌት ቫልቭ ላይ እየቆረጥን ያዘጋጀናት ቀጭን ጎማ ነበረች። ሲያልቅ እርጥብ ጆንያ ሥር ታስተኛዋለህ። የዓደን ጉድጓድ ውሃ ጨው ስላለው ለቁስለኛ አይሆንም፤ ከቦቴ የተገዛ ጣፋጭ ውሃ ነው የምትረጨው። ጫት ጉንጩ ውስጥ ያለ ሰው ወደ መረቡ ቤት አይገባም፤ ይህ የዶክቶራ ሕግ ነው። ሳሌም በዚህ ሕግ ምክንያት ቲማቲሞቹን ከሰዓት በኋላ አይቷቸው አያውቅም።

እዚያ መረብ ቤት ውስጥ የዶክቶራ ልብ ያለው ድንክ ቲማቲሞቹ ጋ ነበር። ተክልም እንደ ሰው ሆርሞን አለው። ከሆርሞኖቹ አንዱ የስቴሮይድ ዘር ነው፤ ብራሲኖስቴሮይድ ይባላል። ተክሉ እንዲረዝም፣ ቅጠሉ እንዲዘረጋ የሚያዘው እሱ ነው። ሆርሞኑ ያለባት ከውጭ የመጣች ጣት የምታህል ጠርሙስ ነበረችን፣ ዶክቶራ ማቀዝቀዣ ውስጥ ቆልፈውባት ነው የሚኖሩት። ሳሌም ስቴሮይድ የሚባለው የሰፈሩ ጎረምሶች ጡንቻ እንዲያወጣላቸው የሚወጉት ነገር መሆኑን ሰምቶ "ዌል፣ ዶክቶራ፣ አንዲት ጠብታ ለትከሻዬ" ብሎ ለመናቸው።

"ቲማቲም የሆንክ ቀን እሰጥሃለሁ" አሉት።

ድንኮቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ሆርሞኑን መሥራት አይችልም፤ ረሃብተኛው አልነው። ሌላው ይሠራል፣ እንዲያውም ሞልቶታል፣ ግን አይሰማውም፤ ሆርሞኑ ቢያንኳኳ የሚከፍትለት የለም። እሱን አጥረሽ አልነው፣ በዐረብኛ ደንቆሮው ማለት ነው። ጎን ለጎን ስታያቸው መንታ ናቸው፤ ጥቁር አረንጓዴ፣ ቅጠላቸው የተጨማደደ፣ ቁመታቸው ከስንዝር የማያልፍ። የሚለያቸው ጠብታው ነው። ከጠርሙሷ ትንሽ በጥብጠህ ጫፋቸው ላይ ብታንጠባጥብ ረሃብተኛው በቀናት ውስጥ አንገቱን ያወጣል። ደንቆሮው እንደተቀመጠ ይቀራል። የመጀመሪያ ቀን ይህን ሳይ ለደንቆሮው አዘንኩለት፣ አልዋሽም።

ዶክቶራ መጀመሪያ የሞከሩት ረሃብተኛውን በረጅም ቲማቲም ላይ መቀጠል ነበር። ከታች ያለው ረጅሙ ሆርሞን ስለሚሠራ ወደ ላይ ያካፍለዋል ብለን ነው። ቀጠልኩ፣ ያዘ፣ ድንኩም ድንክ ሆኖ ቀረ። ደጋገምኩት። ያው ነው። ሥራዬን የማጣ መሰለኝ፤ ያበላሸሁት እኔ ነኝ ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። እሳቸው ግን መጋጠሚያውን ስስ አድርገው ከፍለው በማይክሮስኮፕ አዩትና ጠሩኝ።

"እጅህ ደህና ነው፣ ያ ኢድሪስ። ውሃውም ምግቡም በመጋጠሚያው ያልፋል። ሆርሞኑ ነው ከሠፈሩ የማይወጣው። እያንዳንዱ ሠፈር የራሱን ሠርቶ እዚያው ይጠቀምበታል።"

"ታዲያ ካልተዟዟረ ቆዳውና ሥጋው እኩል የሚያድጉት ማን አስማምቷቸው ነው?" አልኳቸው።

ጥያቄው የእኔ መሰለኝ እንጂ ለካ እሳቸው ሌት ተቀን የሚያመነዥጉት ኖሯል። ጋዋናቸውን ወደ ጎን ጎተት አደረጉ። "ልጅ እያደገ ቀሚሱ አልሰፋ ቢልስ?" አሉ። "የተክል ቆዳ እንደዚያ ጠባብ ቀሚስ ነው። እኔ የምጠረጥረው ቆዳው ትእዛዙን ሰምቶ ከላላ ውስጡ ይከተላል ብዬ ነው። ውስጡ ደንቆሮ ቢሆንም! የሚሰማ ቆዳ ለብሶ የሚረዝም ደንቆሮ ሳላይ ከዚህ ቤት አልወጣም።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሁለታችን ሥራ ይኸው ሆነ። እንዴት አድርገህ ለአንዱ ተክል የሌላውን ቆዳ ታለብሰዋለህ? መንገዱ ተጥዒም ነው። ደንቆሮውን ረጅሙ ላይ ትቀጥላለህ። በደንብ ሲይዝ ልክ መጋጠሚያው ላይ መልሰህ ትቆርጠዋለህ፤ የዳነውን ቁስል እንደገና መክፈት ነው። የተቆረጠው ፊት ከፊሉ የአንዱ፣ ከፊሉ የሌላው ይሆናል። ሌላውን ቀንበጥ ሁሉ እየቀጠፍክ ትጠብቃለህ። ከጠባሳው ላይ አዲስ ቀንበጥ ይወጣል። አብዛኛውን ጊዜ የአንዱ ብቻ ወይም የሌላው ብቻ ነው። አንዳንዴ፣ አላህ ካለ፣ ከድንበሩ ላይ ይወጣና ሥጋው የአንዱ፣ ቆዳው የሌላው ይሆናል። መለያው ዘሩ ነው፤ ዘር የሚወጣው ከውስጥ እንጂ ከቆዳ አይደለም። ስለዚህ ያ ረጅም ተክል ፍሬው ቢዘራ ልጆቹ ድንክ መሆን አለባቸው።

ስንት ወቅት እንደቆረጥኩ አላውቅም። አንድ ጊዜ ከጠባሳው ጠርዝ ቀንበጥ ብቅ አለ። ቅጠሉ ጠቆር ያለ መሰለን። ከዚያ ረዘመ! ዶክቶራ በማጉያ መስታወት አዩት፣ እኔም አየሁት። ያ ጥያቄያቸው ያን ጊዜ ከአፋቸው አልወጣም። ፋኩልቲው ከሰንዓ ጭምር እንግዶች የሚመጡበት ጉባኤ ደግሶ ነበር፤ ፍሬው እስኪበስል ቢጠበቅ ጉባኤው ሊያልፍ ነው። ተክሉን ከተተከለበት ድስት ጋር ይዘው አዳራሹ ገቡና ተናገሩ። ተጨበጨበላቸው። ሳሌም ለመሽተሉ ሰው ሁሉ የዓደን ሻይ ከነወተቱ ጋበዘ፤ እኔም ጮቤ ረገጥኩ።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነው ነገሩ። ፍሬው ደረሰ፣ ዘራነው፣ በቀለ። ሁሉም ረጃጅም! አንድ እንኳ ድንክ የለም። ዶክቶራ ምላጩን ሰጡኝ። ግንዱን ከመሐል ለሁለት ሰነጠቅኩት። ቀንበጡ የወጣው ከመጋጠሚያው ሳይሆን ለጥቂት ከበታቹ፣ ከታችኛው ረጅም ጎን ነው። ተራ ቀንበጥ! የማንም አትክልተኛ ቀጥፎ የሚጥለው። ጥፋቱ የማን ነው ብሎ መከራከር ዋጋ የለውም፤ ሁለታችንም አየነው፣ ሁለታችንም ወደድነው።

የሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ሻንጣቸውን የያዝኩት እኔ ስለነበርኩ በሩ ሥር ቆሜ ሰምቻለሁ። ማንም ሳይጠይቃቸው ተነሡ። "ባለፈው የነገርኳችሁ ያየሁትን ሳይሆን የወደድኩትን ነው። ተክሉ ተራ ተክል ነበር" ብለው ተቀመጡ። አንዱ ከኋላ "ዶክቶራ ቲማቲም" ሲል ሳቅ ተሰማ። አንጀቴ ተቃጠለ። መሽተሉ ስደርስ ዕቃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። እሳቸው አላለቀሱም። ከመረቡ ቤት ግማሹ ለኪያር ሥራ ተሰጠ፣ ዶክቶራም ስም ሲለጠፍባቸው ከረሙ፣ እኛም የቀረንን ይዘን ቀጠልን።

ከጊዜ በኋላ አንድ ቀን ትንሽ የዘር ፖስታ ይዘው መጡ፤ አብራቸው የተማረች ሴት ከውጭ የላከችላቸው ነው። ዘርተነው ሲበቅል ጉድ አልኩ። ረጅም ቲማቲም፣ ግን ግንዱ በሙሉ እንደ በግ ግልገል ፀጉር የለበሰ! የድሮ ሙያዬ ትዝ አለኝና ፂማሙ አልኩት። "ልላጨው?" ብላቸው ሳቁ።

"ከአሁን በኋላ ረጅሙ ይህ ነው" አሉኝ። "ደንቆሮው ለጋ ግንዱ ለስላሳ ነው፣ ይህ ፀጉራም ነው። ቆዳው የማን እንደሆነ እጅህ ይነግርሃል።"

ብልሃቱ ገባኝ። የቀረው ግን ያኔ አልገባኝም።

ብዙም ሳይቆይ ሱካሩ፣ የስኳር በሽታው፣ ዓይናቸውን እየበላ እንደሆነ ሁላችንም አወቅን። ማይክሮስኮፑን ተዉ፣ ቀጥሎ ማስተማሩን ተዉ። የመጨረሻ ቀናቸው ዕለት ድንኮቹን አንድ በአንድ ዳሰሱና "አደራ፣ ያ ኢድሪስ። ሲረዝም ጥራኝ" አሉኝ። ሳሌም ፒካፑ ላይ አሳፍሮ ክሬተር ቤታቸው ወሰዳቸው። የሚረዝም ደንቆሮ ሳላይ አልወጣም ያሉት ሴትዮ ሳያዩ ወጡ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ዳር ሰዓድ ግንባር ሆነች፤ መረቡ ቤት ተቃጠለ፣ ገንዳው ተበሳ። ተኩሱ ጋብ ባለ ጊዜ ከሳሌም ጋር የተረፉትን ድስቶች ጭነን ቤቴ ጣሪያ ላይ ደረደርናቸው። የዘሃራ ጣሪያ የተያዘው እንዲህ ነው።

"ሰው የሚጠጣው አጥቶ አንተ ለድንክ ውሃ ታጠጣለህ?" ትላለች። "ያውም ለደንቆሮ! ስታወራው እንኳ አይሰማህ!"

እውነቷን ነው። ውሃ በጄሪካን ነበር የምንቀዳው። ደንቆሮው ደግሞ እምብዛም ፍሬ አይይዝም፤ ከሞተ ዘሩ ጠፋ፣ የዶክቶራም ጥያቄ አብሮ ተቀበረ። ከራሴ ድርሻ ቀንሼ አጠጣሁት። ዘሃራም አፏ ነው እንጂ እኔ በሌለሁበት ፀሐይ ሲከር የድሮ ነጠላዋን ታለብሳቸው ነበር። አንድ ቀን ደርሼባት "ልብሱን ላሰጣው ነው" አለችኝ።

ጦርነቱ ከሠፈራችን ከራቀ በኋላ እዚያው ጣሪያ ላይ እቆርጥ ጀመር። እጄ ያኔ ገና ደህና ነበር። ደንቆሮውን ፂማሙ ላይ እቀጥላለሁ፣ ሲይዝ መጋጠሚያውን እቆርጣለሁ፣ እጠብቃለሁ። ራሰ በራ ቀንበጥ ይወጣል፤ ሥጋውም ቆዳውም የደንቆሮው ነው፣ እቀጥፈዋለሁ። ፀጉራም ይወጣል፤ ከየት እንደወጣ አያለሁ፣ ከታች ነው፣ እቀጥፈዋለሁ። እንዲህ ስል ስል አንዱ በትክክል ከጠባሳው መሐል ወጣ። ዓይኔን ጨፍኜ ነካሁት። ፀጉር አለው። ለማንም አልተናገርኩም። ለዘሃራም አልነገርኩም።

ረዘመ። ሽቦ ዘርግቼ በገመድ አሰርኩት። አሁንም ዝም። አበበ፣ ጥቂት ፍሬ ያዘ፣ ቀላ። ዘሩን አውጥቼ አጥቤ ዘራሁት። ያቺ ጥያቄ ጆሮዬ ላይ ትጮኻለች፤ ያየኸውን ነው ወይስ የወደድከውን? አንድ ጠዋት ወጥቼ ሳይ ችግኞቹ ቅጠል አውጥተዋል። ጥቁር አረንጓዴ፣ የተጨማደዱ፣ ራሰ በራ፣ መሬት ላይ የተቀመጡ ድንኮች። ሁሉም! "አላሁ አክበር!" ብዬ ጮህኩ። ዘሃራ ተኩሱ ተመልሶ የጀመረ መስሏት ልጆቻችንን ሰብስባ አልጋ ሥር ገብታለች። ስትወጣ የሰደበችኝን ስድብ እዚህ አልጽፈውም።

በሚኒባስ ክሬተር ሄድኩ። ዶክቶራ በር ላይ ድምፄን ሲሰሙ "ኢድሪስ" አሉ። ዓይናቸው ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ ነበር፤ ብርሃንና ጨለማ እንኳ አይለዩም። ነገርኳቸው። ከዚያ እንደጠበቅኩት "ያየኸውን ነው የምትነግረኝ ወይስ የወደድከውን?" አሉ።

"እጅዎ ይፍረድ፣ ዶክቶራ" አልኳቸው።

ከዓርብ ስግደት በኋላ ሳሌም በዚያው ፒካፕ አመጣቸው። እሱም አርጅቷል፣ ፒካፑም አርጅቷል፤ ዳገቱ ላይ ማን ማንን እንደሚጎትት አይታወቅም ነበር። ዘሃራ ደረጃውን ክንዳቸውን ይዛ አወጣቻቸው። መጀመሪያ ችግኞቹ ጋ አስቀመጥናቸው። አንዷን በሁለት ጣታቸው ያዟት፣ ቅጠሏን ከሥር አገላበጡ፣ ግንዷን አሻሹ።

"አጥረሽ ነው" አሉ ወዲያው። "ልጆቹ ናቸው?"

"ልጆቹ ናቸው።"

"ሁሉም እንዲህ ናቸው?"

"ሁሉንም ይንኳቸው።"

ሁሉንም ነኩ። አንድም አልዘለሉም። "እናታቸው የት ናት?" አሉ። እጃቸውን ይዤ ወደ ድስቱ ወሰድኩት። "መጀመሪያ እጅ…" ብለው ጀመሩና ተዉት፤ ከዚያ ዓይን የሚለው የለማ። ጣታቸው ከታች ጠባሳውን አገኘ፤ ዞሩት። ቀንበጡ የት እንደወጣ ፈለጉ፣ ከበታቹ ፈተሹ፣ ደግመው ፈተሹ። ከዚያ ከጠባሳው በላይ ያለውን ግንድ ያዙና ፀጉሩ መዳፋቸው ላይ ሲያርፍ እጃቸውን አቆሙ። ያኔ ገባኝ። ፂማሙን ሲመርጡ ዓይናቸው እንደሚጠፋ ያውቁ ነበር፤ ሆን ብለው እጅ የሚያነበውን ምልክት መርጠዋል። ለእኔ ብልሃት ያስተማሩኝ ሲመስለኝ ለዚህ ቀን እየተዘጋጁ ነበር። ዕንባዬ መጣ፣ ደግነቱ አያዩኝም።

እጃቸው ወደ ላይ መሄድ ጀመረ። ቁጭ እንዳሉ ትከሻቸው ድረስ ወጣ። ራሳቸውን አለፈ። ዘሃራን ተደግፈው ተነሡ፣ እጃቸው ግንዱን አለቀቀም። ደረታቸው፣ አገጫቸው፣ ግንባራቸው ደረሰ። ክንዳቸው ተዘረጋ። ሳሌም እንኳ "ዌል" አላለም።

"አላለቀም?" አሉ።

"አላለቀም፣ ዶክቶራ።"

በእግራቸው ጣት ቆሙ። ትንሽ ወጡ፤ የመጨረሻው ቅጠል ግን ገና ከጣታቸው በላይ ነበር። ተረከዛቸውን መልሰው አሳረፉና፣ በአንድ እጃቸው ግንዱን እንደያዙ፣ ፊታቸውን ወደ ባለቤቴ መለሱ።

"ዘሃራ፣ ልጄ፣ ወንበር አምጪልኝ።"